ወገብ መለዋወጫ የለውም

ከባድ መኪና ሲያንገጫግጭ ጥፋቱ ሁሉ የሚጫነው በመንገዱ ላይ ነው። መንገድ አፍ የለውማ! እኔ ግን እዚህ አሜሪካ፣ በኔብራስካ ሜዳ ላይ በተዘረጋው ኢንተርስቴት 80 ተሳቢ ስጎትት ወገቤን ይቆርጠኝ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ምን ሜዳ ይፈለጋል? መንገዱን መክሰስ ስላልቻልኩ ፊቴን ወደ መኪናው መለስኩ።

አገር ቤት ያለ ሾፌር አብሮት የኖረው ባሌስትራ ነው፤ ተደራርቦ የታሰረ ብረት። የእኔ መኪና የኋላ ክፍል ግን የተቀመጠው አየር በተነፉ የላስቲክ ከረጢቶች ላይ ነው። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘች ትንሽ ቫልቭ አየር ትጨምራለች፤ ጭነቱ ሲራገፍ ደግሞ ታስተነፍሳለች። ባዶም ሆነ ሙሉ፣ ከፍታው አንድ እንዲሆን የምትጠብቀው እሷ ናት።

የገባሁበት ጋራዥ “ከረጢቶቹ በሙሉ ይቀየሩ” አለኝ። የሳሙና ውሃ ብቀባቸው አንዲት አረፋ አልወጣቸውም፤ አያፈሱም ማለት ነው። ታዲያ ያልታመመውን መጣል ለምን? የሙያ ጓደኞቼ በበኩላቸው “ቫልቯን ነካ አድርገህ ከፍ አድርገው፣ ይለሰልሳል” ይሉኛል። ይህም አያዋጣም። ከልኩ በላይ ከፍ ሲል ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ አቅጣጫው ይዛባና ሌላ ንዝረት ይወለዳል። ከልኩ በታች ሲወርድ ደግሞ ሻንሲው በአየር ላይ መንሳፈፉ ይቀርና ከመቆሚያው ላስቲክ ጋር ይጋጫል።

ያለው መንገድ መለካት ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ለጎማው ታኮ አድርጌ፣ የአየሩ ግፊት ከ100 ፒ.ኤስ.አይ. እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ከዚያ ከአክስሉ መሐል እስከ ሻንሲው ሥር ያለውን ለካሁ። የፋብሪካው መመሪያ ከሚለው አንድ ኢንች ያህል ዝቅ ብሏል። ምክንያቱ የቫልቯ ዘንግ ነበር፤ መያዣ ላስቲኩ ተበልቶ ይወዛወዛል። ዘንጉን ቀየርኩና ከፍታውን በልኩ አስተካከልኩ።

መንገጫገጩ ግማሹ ቀረ። ሌላው ግማሽ የአሞርዛተር ነበር። ከረጢት ጭነት ይሸከማል እንጂ መዋዠቅን አያቆምም፤ የመዋዠቁን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ የሚገድለው አሞርዛተር ነው። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ደህናው ይሞቃል። በጥንቃቄ እጄን ጠጋ ሳደርግ ሦስቱ ሞቀዋል፣ አንዱ ቀዝቃዛ ነው። እሱንና በሌላው ጎን ያለውን ጥንዱን ቀየርኩ።

የሁሉም ዋጋ ተደምሮ ጋራዡ ከጠየቀኝ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ደግሞም ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ለዓመታት የዘለቀ ንዝረት የሾፌርን ወገብ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። የመኪናው ዕቃ ሁሉ በየሱቁ ይገኛል፤ ወገብ የሚሸጥበት ሱቅ ግን የለም።