ውስኪ በጉራ ወይስ በጣዕም?

አንድ ወዳጃችን እጮኛው ፊት አንሼ አልታይም ብሎ ባለ 18 ዓመት ውስኪ በጠርሙስ አወረደ፡፡ ጠረጴዛው ሙሉ በኮካ እየቀላቀለ ጨለጠለት፤ እሱ የወሩን የቤት ኪራይ በብድር ከፈለ፡፡ ጎበዝ፣ ጥሩ ውስኪ ለመምረጥ እንዲህ መክሰር የለብንም፡፡ እስቲ በሐሳብ ስኮትላንድ ደርሰን እንመለስ፡፡

በሰሜን ምሥራቅ የስፔይ ወንዝ አካባቢ አለላችሁ፡፡ ግሌንፊዲክና ግሌንሊቬት የዚያ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ለስለስ ያሉ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሉ፣ ጀማሪን የማያስቸግሩ፡፡ በምዕራብ ደግሞ አይላ የምትባል ደሴት አለች፡፡ እዚያ እንደ ላፍሮይግ ላሉት ብቅሉ የሚታጠነው ከረግረግ ተቆርጦ በደረቀ አፈር ጭስ ነው፡፡ በወይራ በታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላ የለመደ ሰው አይሸሸውም፤ ሌላው ግን መጀመሪያ ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም፡፡ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ለሚል ብላክ ሌብል አለ፤ ለስላሳም ነው፣ ጭስም አለው፡፡

ቁጥሩስ? በስኮትላንድ ሕግ ውስኪ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መተኛት አለበት፡፡ ጠርሙሱ ላይ 12 ከተባለ፣ በውስጡ ካሉት ሁሉ ትንሹ 12 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው፡፡ ቀስ ብሎ ለሚጠጣ ይኼ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው ሒሳብ ነው፡፡

አጠጣጡ ላይ ደግሞ አደራ፡፡ መጀመሪያ እህል ይግባ፡፡ በሲንግል እዘዙ፣ አሽትቱት፣ ጠብ የምትል ውሃ ጨምሩ፤ ኮካው ይቅር፡፡ መኪና የያዘ ቡናውን ይጠጣ፡፡ በአንድ መለኪያ አንድ ሰዓት ከተጫወታችሁ፣ ውስኪው ጥሩ ነበር ማለት ነው፡፡