ለጡረታ የሚሆን ቤት ፍለጋ



ውድ አንባቢያን፣ አባቴ ጡረታ በወጣ ሰሞን ከእንግዲህ የት መኖር እንደሚሻ ብጠይቀው «ባሕር የሚታይበት ሰፈር» ብሎ መለሰልኝ። እናቴ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አባቴ የባቲ ልጅ ነው። በወጣትነቱ በሚሌ በኩል አሰብ ወርዶ በወደቡ ላይ ዕቃ ቆጣሪ ሆኖ ሠርቷል። እኔም የተወለድሁት እዚያው ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ እንደ ሌሎቹ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ከተማዋን ለቅቀን አዲስ አበባ ገባን። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በመርካቶ ዙሪያ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንዘዋወር ኖርን።

የአባቴ ቁጠባ፣ የእኔ የመምህርነት ደመወዝ ቢታከልበትም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያስገዛ አልነበረም። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዐይናችንን ወደ ዙሪያው ከተሞች፣ ወደ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ አዞርን። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሰው ግን አሁንም በየስማቸው ነው የሚጠራቸው።

መጀመሪያ ወደ ሱሉልታ ሄድን። ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን የእንጦጦን ጋራ ተሻገርን። አየሩ ንጹሕ፣ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ታላላቅ ሯጮቻችን እዚያ የሚለማመዱት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከታክሲው እንደወረድን አባቴ ጋቢውን ደረበ። «በዚህ ብርድ ለሱብሒ ተነሥቶ ውዱእ ማድረግ ለሯጭ እንጂ ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ አይሆንም» አለ። ሜዳው በክረምት ውሃ እንደሚተኛበትም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነገሩን። አንድም ቤት ሳናይ ተመለስን።

የቡራዩው ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። በአስኮ በኩል አልፈን፣ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን የገፈርሳን ግድብ ለማየት ጥቂት ወደፊት ዘለቅን። አባቴ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ውሃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ምንም አልተናገረም። ከዚያ ደላላው አንድ ግቢ አሳየን፤ ሰፊ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው፣ ሦስት ክፍል ቤት ያለው ነበር። ዋጋውም ሌላ ቦታ ከጠየቁን እኩሌታ አይበልጥም። አዲስ የተሠራ ትንሽ መስጊድ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ይታያል። አባቴ «ይሄ ነው» አለ።

ዘመዶቻችን በ2011 ዓ.ም. መስከረም በቡራዩ ሰዎች የሞቱበትንና ብዙ ሺህ ሕዝብ የተፈናቀለበትን ጊዜ እያነሡ «እዚያ አትሂዱ» ይሉን ነበር። እኔ አንድን ከተማ በአንድ ክፉ ወር መመዘን ትክክል አይመስለኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ወረቀቱ ነበር። «ካርታው የታል?» ብዬ ስጠይቅ ደላላው ከኪሱ አውጥቶ በምስክሮች ፊት ከአንድ ገበሬ ጋር የተፈረመ ውል አሳየኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬ በእርሻ መሬቱ ይጠቀምበታል እንጂ ሊሸጠው አይችልም። የከተማ ቦታም በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ የሚተዳደር ነው። እንግዲህ የገበሬ ውል የያዘ ሰው በእጁ ያለው ቆርቆሮና ጭቃ እንጂ ቦታ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ግንባታ የተባሉ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ አይተናል። መስጊዶችም ፈርሰዋል። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ይህንን በመቃወም በታላቁ አንዋር መስጊድ ድምፅ በተሰማበት ጊዜ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የሥራ ባልደረባዬ የሆነ መምህር ዐሥር ዓመት ያጠራቀመውን ያፈሰሰበት ቤት በአንድ ቀን ጠዋት ፈርሶ ልጆቹን ይዞ ወደ ኪራይ ተመልሷል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርሁት። አልሰማኝም። «አላህ ያለው ይሆናል» አለ። ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ በቀራሁበት መድረሳ ኡስታዛችን ስለ ግዢና ሽያጭ ያስተማሩን ትዝ አለኝ። ሻጩ በባለቤትነት ያልያዘውን መሸጥ፣ መጨረሻው ያልታወቀ ነገርም መግዛት በሸሪዓችን እንደማይፈቀድ ገልጬ ተናገርሁ። «ለእኔ ፊቅህ ታስተምረኛለህ?» ብሎ ተነሣ። ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላነጋገረኝም። በእውነት ለመናገር፣ ግመሉን ማሰር ከተወኩል እንደማይቃረን እርሱ ራሱ ነበር በልጅነቴ ያስረዳኝ። በስምንተኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ «ሰበታን መቼ ነው የምናየው?» አለኝ።

ሰበታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የቢራ ፋብሪካውን ነው፤ አባቴም ቅር ያለው በዚህ ነበር። ከአየር ጤና ተነሥተን አለም ገናን አልፈን ስንደርስ ግን ሌላ ሰበታ አየን። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው። ዓሣ የሚጠናበት ብሔራዊ የምርምር ማዕከልም እዚያ ነው። ይህን ስነግረው አባቴ «ባሕሩ ቢጠፋ ዓሣው አለ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ሐዲድም ከሰበታ ተነሥቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል።

ያየነው ቤት ትንሽ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ማድቤትና አንድ የኮክ ዛፍ። መስጊዱ በእግር ዐሥር ደቂቃ ያስኬዳል፤ መንገዱም ዳገት የለውም። ለሐኪም ቤት ደግሞ በአንድ ታክሲ ወደ አየር ጤና አቅጣጫ መመለስ ይቻላል። ካርታ አለው። በመሬት ቢሮው ፋይሉን አስወጥቼ ስሙን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ መንገድ የሚያልፍበት አለመሆኑንም አጣራሁ። ከተሞቹ ሲጠቃለሉ ፋይሎች ከቢሮ ቢሮ ስለተዘዋወሩ ይህ ሥራ አራት ቀን ፈጀብኝ። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነም የሚያነብልኝ ሰው አስፈልጎኝ ነበር።

የጎደለውን ገንዘብ ያለ ወለድ ማግኘት ሌላው ጭንቀታችን ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች በአገራችን ሥራ ጀምረዋል። እኔ በጠየቅሁት ባንክ በሙራበሐ ውል ባንኩ ቤቱን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስቀድሞ በግልጽ አስታውቆ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። ውሉን በእኔ ስም አደረግሁ፤ ጡረተኛ ደመወዝ የለውምና። የመጀመሪያው ጥያቄያቸውም ካርታ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና ዝም አለ።

ሆኖም ውሳኔውን የወሰነው ካርታውም ባንኩም አልነበረም። ቤቱን ለሁለተኛ ጊዜ ለማየት በሄድን ዕለት ጎረቤት ያሉ አንዲት አዛውንት ክርስቲያን በር ላይ ቆመው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡን። እኔ ትርጉሙን ስፈልግ አባቴ በዚያው ቋንቋ መለሰላቸው። ባቲ የኦሮምኛና የአማርኛ አገር ናት፤ አባቴ ግን ከአሰብ ወዲህ ኦሮምኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። የወሎ አነጋገሩ አሳቃቸውና «ኦቦ፣ ግቡ፣ ቡና ፈልቷል» አሉን። ስለ ሰፈሩ ውሃ፣ መብራት መቼ መቼ እንደሚጠፋ፣ የበፊቱ ባለቤት ለምን እንደሚሸጥም ያወቅነው ከእርሳቸው ነው። ደላላው ይህን ሁሉ አልነገረንም። ሲወጣ አባቴ «ጎረቤቱን ገዝተናል፤ ቤቱን ጨርስ» አለኝ።

ከገባን ዓመት ሆነን። አባቴ ጠዋት ከመስጊድ ሲመለስ ከአዛውንቷ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያወጋል፤ እናቴም የዕድራቸው አባል ሆናለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ተሳፋሪ የሚሣፈርበትን የለቡን ጣቢያ አሳየኝ አለና ወሰድሁት። ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ድረስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጠየቀ። ለፓስፖርት አመልክተንለታል፤ ቀጠሮው በሚመጣው ወር ነው።