ልጄ፣ ሺ እግሩና የድመቷ ሐዲስ



አምና ነሐሴ ላይ፣ ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ባለው ግቢያችን፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከበሰበሰ ቅጠል ሥር ሺ እግር አገኘ። አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ አፈርና ቅጠል አድርጎ አስገባው። እናቴ ጫማዋን አውልቃ መጣች፤ «ይናደፋል! ጣሉት!»

የሚናደፈው መቶ እግር ነው፤ ጠፍጣፋና ፈጣን፣ ሌላ ነፍሳት አድኖ የሚበላ። ሺ እግር ድብልብል ነው፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ የወደቀ ቅጠል ይበላል፣ ሲነኩት ይጠቀለላል። አንዳንዱ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ስለሚያወጣ ግን ነክቶ ዓይን ማሸት አይገባም። ስሙም ተጋኗል፤ በእውነት ከሺ በላይ እግር ያለው የመጀመሪያው ዝርያ ይፋ የሆነው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፣ አውስትራሊያ ውስጥ፤ እግሩ 1306። ሱብሐነላህ! አውሮፓ ውስጥ ትልልቆቹን የአፍሪካ ሺ እግሮች በመስታወት ሣጥን የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ።

እኔም ፈቀድኩ። አቡ ዑመይር የተባለው ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፏ ጠየቁት እንጂ አልከለከሉትም።

ጥቅምት ላይ ልጁ ለጥቂት ቀናት አክስቱ ጋ ሲሄድ «አባቢ፣ በየቀኑ ውኃ ርጭ አድርግለት» ብሎ አደራ ሰጠኝ። ሃይላንዱን መስኮት ላይ አስቀምጬ ረሳሁት። ሺ እግር ያለ እርጥበት አይኖርም፤ ስመለከተው አፈሩ አቧራ ሆኗል፣ እሱም ተጠቅልሎ ደርቋል።

ልጁ መጥቶ አየና አላለቀሰም። «የድመቷ ሐዲስ ለዚህም ይሠራል?» አለኝ። ድመት ዘግታ ሳታበላት፣ የምድር ተሐዋስያን እንድትለቅም እንኳ ሳትለቃት በመሞቷ እሳት ስለገባችው ሴት ነው። ድመት እንዳይመታ የነገርኩት እኔው ነበርኩ። ተሐዋስያኑ ደግሞ እንደኛው ሺ እግር ያሉት ናቸው።

መልስ አጣሁ። ከመግሪብ በኋላ ኡስታዙን ጠየቅኳቸው።

«ማን ነው የዘጋበት?»

«ልጄ።»

«ልጁ ከሄደ በኋላስ?»

ዝም አልኩ። «ተውበት አድርግ፣ ለልጁም ጥፋቱ የኔ ነው በለው» አሉኝ። ሁለተኛው ከበደኝ፤ ወላሂ፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ዘንድሮ ሌላ አገኘ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየውና ቅጠሉን መልሶ አለበሰው። ሃይላንድ አልጠየቀም፤ ለምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩትም።