የቤንዚን መለኪያው ምስክርነት

ቤታችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ በአንዲት ቮልስዋገን ይገለገላል። መኪናዪቱ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች ስትሆን ዕድሜዋ ከልጆቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ክሩስኮቷ አንድ ክብ የፍጥነት መለኪያ፣ በውስጡም ትንሽ የቤንዚን መለኪያና ጥቂት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ብቻ አሉት። እኛም መርፌው የሚያሳየውን ሁሉ ያለ ጥርጥር እናምን ነበር። ከዚህ የተነሣ በአንድ ወጣት ላይ ያደረስነውን በደል ለአንባብያን ልንነግር ወደድን።

የእኅታችን ልጅ ለትምህርት መጥቶ ከእኛ ጋር ይኖራል። አንድ ቀን የ20 ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሰጥተን አስቀድቶ እንዲመለስ ላክነው። ሰርባቶዮው 40 ሊትር ያህል ስለሚይዝ መርፌው ቢያንስ ከግማሽ መድረስ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ከሩብ አላለፈም።

«የቀረው ገንዘብ ወዴት ሄደ?» ብለን ጠየቅነው።

«ጋሼ፣ በሙሉ አስቀድቼበታለሁ» አለን።

አላመንነውም። ቁልፉን ተቀበልነው። ልጁም በዚያ ምሽት ራት ሳይበላ ተኛ።

ባለቤታችን ግን፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ልጁን ከመኰነናችን በፊት መኪናዪቱ ትመርመር» አለች። በማግሥቱ አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ሠሪ ጠራን።

ሰውዬው እንዲህ ሲል አስረዳን። በሰርባቶዮው ውስጥ ከቤንዚኑ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲበዛ ወደ መለኪያው የሚያልፈው የኤሌትሪክ ኃይል ይበረታል፣ መርፌውም ይነሣል። ኃይሉ ግን ዞሮ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ባለሙያዎች ማሳ የሚሉት የመኪናው ብረት ነው። ይህ መንገድ ከጠበበ፣ ሰርባቶዮው ሞልቶ ሳለ መርፌው ጎድሏል ይላል።

ከዚህ በኋላ ቁልፉን አስከፍቶ፣ ከተንሳፋፊው ራስ ላይ ሽቦውን ነቀለና በረዥም ሽቦ ቀጥሎ ከሰርባቶዮው ራቅ ባለ ስፍራ ለጥቂት ጊዜ ከብረቱ ጋር አገናኘው። የቤንዚን ትነት ከእሳት ፍንጣሪ ጋር እንዳይገናኝ መጠንቀቁ ነበር። መርፌው ቀስ እያለ እስከ ሙሉው ወጣ። «መለኪያውም ሽቦውም ደኅና ናቸው» አለ። ቁልፉን ዘግቶ የባትሪውን ገመድ ፈታ፤ ተንሳፋፊውንም አውጥቶ በቀዳዳው ንጹሕ እንጨት ሰደደ። እንጨቱ ከግማሽ በላይ ርሶ ወጣ። ቤንዚኑ በሙሉ አለ!

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነበር? ተንሳፋፊው በተቀመጠበትና ሰርባቶዮው በብሎን በታሰረበት ስፍራ ወፍራም ቀለም ተገኘ። ከአንድ ወር በፊት ዝገት ለመከላከል ብለን፣ በገዛ እጃችን የቀባነው ቀለም ነበር። ብረት ከብረት እንዳይገናኝ የከለከልን እኛው ነን። ሰውዬው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ሁሉን በቦታው ሲመልስ፣ መርፌው ከግማሽ በላይ ቆመ። ለካስ እርሱም አልዋሸም፤ የደረሰውን ያህል ተናገረ እንጂ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ መለኪያዎች ሁሉ በአንድነት ከተሳሳቱ የጋራ የሆነውን ፊውዝና ሽቦ አስቀድማችሁ መርምሩ፤ አንዱ ብቻ ከተሳሳተ የራሱን ሽቦና ማሳ ተመልከቱ። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ።

እኛ ግን የቸኰልነው በሰው ላይ ነበር። በዚያው ቀን ልጁን ጠርተን በቤተ ሰቡ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። «ግድ የለም ጋሼ» ብሎ አቀረቀረ። ቁልፉንም መለስንለት። መርፌው ዛሬ በትክክል ይቈጥራል፤ ልጁ ግን ቤንዚን አስቀድቶ በተመለሰ ቍጥር፣ ሳንጠይቀው ደረሰኙን ከጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ያን ወረቀት ባየን ጊዜ ሁሉ እናፍራለን።