ስለ ወንበርና ስለ አደራ

ሰው ሲማር ሁለት ነገር ይመኛል፤ አንደኛው እንጀራ፥ ሁለተኛው ክብር ነው። ሁለቱም የሚነቀፉ ምኞቶች አይደሉም። ዳሩ ግን እንጀራና ክብር በአንድ መንገድ ላይ ሳይገናኙ ሲቀሩ የተማረ ሰው የትኛውን ይከተል? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን በክፍል ውስጥ ሳስተምረው ኖሬአለሁ፤ መልሱን ግን የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ደጃፍ ተቀምጬ፥ ከገዛ ተማሪዬ ነው።

ይህ ልጅ የአካባቢ ሳይንስ ተምሮ በዲግሪ የተመረቀ ነው። ትምህርቱን እንዲመርጥ የመከርሁትም እኔ ነኝ። «ልጄ፥ አገራችን ውኃዋንና አፈሯን የሚያውቅላት ሰው ትፈልጋለች» ብዬው ነበር። አገር ትፈልገው ይሆናል፤ የሚቀጥረው ግን ጠፋ። ሦስት ዓመት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም ከርሞ፥ በመጨረሻ የሰው ባጃጅ ይዞ መሥራት ጀመረ። በፒያሳ ሲያልፍ ባየኝ ቁጥር ያለ ሒሳብ ያሳፍረኝ ነበር፤ ቃሉ ሁለት ፍቺ እንዳለው አንባቢ ያውቃል።

አንድ ቀን ባጃጁን አቁሞ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፥ ምክር ፈልጌ ነው» አለኝ። ጥናት እያዘጋጀ የሚሸጥ አንድ ሰው፥ ሊሠራ ስለታሰበ ድርጅት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲጽፍለት ጠይቆታል። ቦታውን ማየት አያስፈልግም፤ ቀድሞ ለሌላ ስፍራ የተጻፈውን ወስዶ፥ የከተማውንና የወንዙን ስም ለውጦ ማቅረብ ብቻ ነው። ክፍያውም በባጃጅ የብዙ ወር ድካም የሚያህል ነበር።

እኔም፥ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፥ «አንድ ጊዜ ነው፤ ያዘው። መጀመሪያ ራስህን ቻል፤ ለእውነቱ በኋላ ትደርስበታለህ» አልሁት። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም። የሁለታችንን ቡና ከፍሎ ሄደ።

ያ ዝምታ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ፤ እንዲህ ያለው ጥናት ምን እንደሆነ አውቃለሁና። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 አካባቢን ሊጎዱ የሚችሉ ሥራዎች ከመጀመራቸው አስቀድሞ እንዲጠኑ ያዘዘው፥ የተበላሸውን መመለስ ከባድ ስለሆነ ነው። የራሳችንን ሐይቅ እንመልከት። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ከገባበት ክፉ ነገር ብዙው እዚያው ይከማቻል። ቀድሞ ደለሉን ያስቀርለት የነበረው ጨለለቃ የሚባለው ትንሽ ሐይቅም ራሱ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። እንግዲህ አሞራ ገደል ወርዶ ቆሮሶ የሚበላ ሰው ሁሉ፥ ሳያውቀው፥ የፈረመውን ባለሙያ እውነት ወይም ሐሰት አብሮ ይበላል።

የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ የግብርና ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ ነበረ። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ ትምህርቱ ግን አይረሳም። ዕውቀት ሐይቅ ዳር በመኖሩ ብቻ ሐይቅ አይድንም፤ በየሥራው ቦታ ገብቶ እውነቱን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ እነዚህ ልጆች በየት ይግቡ? ብዙዎቹ የሚያስቡት የመንግሥትን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ የዚያ ወንበር ግን ጥቂት፥ ቆሞ የሚጠብቀውም ብዙ ነው። ነገር ግን ሌሎች በሮች አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ማጣሪያ ውኃውን ዕለት ዕለት የሚመረምር ዐዋቂ ይሻል። የመጠጥ ውኃ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ አለው። ከተማ ሲያድግ ቆሻሻው አብሮ ያድጋልና ማዘጋጃ ቤትም የሚመራው ሰው ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል፤ መትከል የአንድ ቀን፥ ማጽደቅ ግን የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ተዳፋቱን በእርከን የሚያስይዝ፥ ገበሬውን የሚያማክር፥ ልጆችን የሚያስተምርም ያስፈልጋል። ከበሮቹ ሁሉ ይልቅ ግን የሚያስፈራው ያ ተማሪዬ የተጠራበት ነው፤ በዚያ የሚሸጠው ጉልበት ሳይሆን ፊርማ ነውና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አገኘሁት። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ሳልከፍት «ጋሼ፥ አልያዝሁትም» አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ወንዙን ሳላየው ስሙን መጻፍ አቃተኝ» ብሎ መለሰልኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባጃጁን ይነዳል፤ ጧት ጧት ግን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከቡና ቤቶች የቡና አተላ፥ ከገበያም የተጣለ አትክልት እየሰበሰበ፥ አብስብሶ ማዳበሪያ ያደርግና ችግኝ ለሚያፈሉ ይሸጣል። ትርፉ ገና የቤት ኪራይ አይሞላም። ይህን የምጽፈው ማጣት ያጸድቃል ለማለት አይደለም፤ የተማረውን ልጅ ሥራ ፈት አድርገን እውነተኛ ሁን ማለት የእኛም ዕዳ ነው። ሆኖም ወንበር ያላገኘ ሰው አደራውን ሊጠብቅ እንደሚችል፥ ወንበር ያገኘም ሊበላው እንደሚችል፥ ከእርሱ አይቻለሁ።

በልጅነቴ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የአትክልት መደብ ይሰጠን ነበር። የሰው የመጀመሪያ ሥራው ገነትን ማበጀትና መጠበቅ እንደ ነበረ የተማርነውም እዚያው ነው። ሳያጠጣ «አጠጥቻለሁ» ብሎ የሚዋሸውን ልጅ የሚያጋልጠው መምህሩ ሳይሆን ችግኙ ነበር። ይህን ትምህርት ለብዙዎች አስተምሬ እኔው ረስቼው ኖሯል፤ ያስታወሰኝን ልጅ እግዚአብሔር ይባርክልኝ።