አሮጌውን የድምፅ ማጉያ ስለ ማደስ

አሮጌ ዕቃ በእጁ የገባ ሰው ሁለት ፈተና ያገኘዋል፤ አንደኛው ስላረጀ ብቻ መጣል፥ ሁለተኛውም ስላረጀ ብቻ አይነካ ማለት ነው። የኋለኛው ፍቅር ስለሚመስል ከፊተኛው ይልቅ ያታልላል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አጠገብ የሚኖረው ጊታር መቺ የእኅቴ ልጅ ነው። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ የተሠራ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ የሚባል የጊታር ማጉያ ገዝቶ አገኘሁት። ማጉያው እንደ ንብ መንጋ እምም ይል ስለ ነበረ፥ በሬዲዮ ጥገና ወዳረጁ ያገራችን ሰው አብረን ወሰድነው። ልጁ ግን «ዋጋው ይወድቃል፥ ድምፁም ይጠፋል» ብሎ ስለ ፈራ፥ አንድ ሽቦ ስንኳ እንዳይለወጥ ለመነ።

በዚህ ማጉያ ድምፅን የሚያሳድገው ቫልቭ ነው። ቫልቭ አየሩ የወጣለት የመስታወት አምፑል ሲሆን፥ በውስጡ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በመካከል ያለው ወንፊት መሳይ ሽቦም ከጊታሩ የመጣውን ደካማ ሞገድ ተቀብሎ ብርቱውን ፍሰት አንድ ጊዜ ይገታዋል፥ አንድ ጊዜ ይለቀዋል። እንዲህም ትንሹ ትልቁን ይመራል። ቫልቩ ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይሻክራል፤ ቀድሞ ጉድለት ይባል የነበረው ይህ መሻከር ዛሬ ጊታር መቺዎች አጥብቀው የሚሹት ለዛ ሆኗል።

ጠጋኙም ክዳኑን ከፍተው «ልጄ፥ ድምፁን የሚሰጥህ ሌላ ነው፤ የሚገድልህ ሌላ ነው» አሉት። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ደርቀው ነበር፤ እምታውም ከዚያ የመጣ ነው። እነዚህ ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ስንኳ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቈዩ ስለሚችሉ፥ ጠጋኙ እጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት ጕልበቱን በሬዚስተር አፍስሰው ባዶነታቸውን በመለኪያ አረጋገጡ።

ከዚህም የከፋ ነበረ። ገመዱ ባለ ሁለት እግር ሆኖ የመሬት ሽቦ አልነበረውም፤ የመብራቱን መስመር ከማጉያው ብረት ጋር የሚያያይዝ ትንሽ ካፓሲተርም ነበረበት። ይህ ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ በብረቱ ወደ ጊታሩ ክር፥ ከክሩም ወደ መቺው እጅ ይደርሳል፤ መቺው በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን በከንፈሩ ቢነካ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አሜሪካውያን ጠጋኞች «የሞት ካፓሲተር» ይሉታል።

ሽማግሌው ይህን አወጡት፤ ባለ ሦስት እግር ገመድ አገቡ፤ የደረቁትን ካፓሲተሮች ለወጡ። ትራንስፎርመሮቹን፥ ስፒከሩን፥ ድምፁ የሚያልፍባቸውንም ጤነኛ ዕቃዎች አልነኩም። ያወጡትንም ሁሉ በፖስታ አድርገው ለልጁ ሰጡት።

በመጨረሻም አዲስ የኀይል ቫልቮች ተክለው፥ ጊታር ሳይመታ የሚያሳልፉትን ኤሌክትሪክ ለክተው አስተካከሉ፤ ቢበዛ ቫልቩ ቀልቶ ይቃጠላል፥ ቢያንስም ድምፁ ይቀጥናልና። ልጁ ሲመታው እምታው ጠፍቶ፥ የወደደው መሻከር ግን እንዳለ ነበረ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ማጉያ ያላችሁ ሁሉ፥ ክዳኑን ያልሠለጠነ እጅ አይክፈተው፤ ገመዱን ግን ዛሬውኑ እዩት።