ደሴ ያለ የይለፍ ቃል፦ የብራውዘር ዝማኔና የአስተዳዳሪ ፈቃድ በመካነ ሰላም

በመካነ ሰላም ከተማ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚታተምባቸውና የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ከሚሞላባቸው ቤቶች አንዱን የሚያስተዳድረው ወጣት ተቀጣሪ ነው፤ ባለቤቱ የሚኖሩት ደሴ ነው። የማመልከቻዋ ቀነ ገደብ በዚያው ዕለት የሚያበቃ አንዲት ተማሪ ገጹን ስትከፍት ብራውዘሩ ስላረጀ መዘመን እንዳለበት ተነገራት። ዝማኔው ሲጀመር ስክሪኑ ደበዘዘና የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስኮት ብቅ አለ። ወጣቱ ደሴ ደውሎ «ጋሼ፣ የኮምፒውተሩን ፓስወርድ ይንገሩኝ» አለ። እንዳይሳሳትም የሰማውን ጮክ ብሎ ደገመው፤ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሰሙ። ማመልከቻው በሰዓቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ግን የማሽኖቹ አስተዳዳሪ ማን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

መስኮቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። (ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣውም ይኸው ቪስታ ስለሆነ፣ አማርኛ ጸሐፊ ፈጽሞ ሊረግመው አይችልም።) ሐሳቡ ግን ይቀድማል፤ ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንኛውም ፕሮግራምና ተጠቃሚ ለሥራው ከሚበቃው በላይ ሥልጣን ሊኖረው እንደማይገባ ጽፈዋል።

ብራውዘር ሲዘምን ፈቃድ የሚጠየቀው በአብዛኛው ከተጫነበት ቦታ የተነሣ ነው። ተጠቃሚዎች ሁሉ በሚጋሩት «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ከሆነ፣ ፋይሎቹን ለመተካት የአስተዳዳሪ ሥልጣን ግድ ይላል። ጉግል ክሮም በአንድ ተጠቃሚ የግል ፎልደር ውስጥም ሊጫን ይችላል፤ እዚያ ሲሆን ሳይጠይቅ ይዘምናል። ፋየርፎክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 በወጣው 12ኛ እትሙ የጥገና አገልግሎት የሚባል ረዳት አመጣ። ረዳቱ አንድ ጊዜ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከተጫነ በኋላ የዝማኔውን ዲጂታል ፊርማ እያረጋገጠ ከበስተጀርባ ይሠራል። ስለዚህ በየጊዜው የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ፋየርፎክስ ብዙ ጊዜ ረዳቱ የተዘጋበት ወይም የተወገደበት ነው፤ መፈለግ ያለበትም እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ዳግም በተነሣ ቁጥር ሁሉን ወደነበረበት የሚመልስ እንደ ዲፕ ፍሪዝ ያለ ሶፍትዌር ባለበት የኮምፒውተር ክፍል ግን፣ ትናንት የተፈቀደው ዛሬም ይጠየቃል። እዚያ ጥበቃውን ለጊዜው ሳያነሡ የይለፍ ቃል ማስገባት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ችግሩን የሚያከብደው የኔትወርኩ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መስመር በጠፋበት ጊዜ የሚከማቸው ዝማኔ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ፈቃድ ይጠይቃል። መዘግየትም ዋጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2025 የፋየርፎክስ አንድ መሠረታዊ የምስክር ወረቀት ጊዜው ሲያልፍ፣ ባልዘመኑ እትሞች ላይ ተጨማሪ መገልገያዎች ለመሰናከል ተዳርገዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ የሚሻለው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚጫነውን ሙሉ ፋይል ከአምራቹ ገጽ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማዞርና ኃላፊነቱ ያለበት ሰው ራሱ እንዲጭነው ማድረግ ነው። ደንበኞች ደግሞ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን በሌለው አካውንት ይስተናገዱ። ባለቤቱ ወደ መካነ ሰላም ብቅ በሚሉበት ቀን ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የይለፍ ቃሉ ከመጻፉ በፊት መስኮቱ ላይ የአሳታሚው ስም ይነበብ፤ ለክሮም ጉግል ኤልኤልሲ፣ ለፋየርፎክስ ሞዚላ ኮርፖሬሽን መሆን አለበት። በዊንዶውስ 10 ቢጫ ሆኖ የሚመጣ መስኮት አሳታሚው አልታወቀም ማለት ነው። የብራውዘር ዝማኔ መስሎ የሚገባ ተንኮል አዘል ፋይል የተለመደ ሆኗልና፣ ዊንዶውስ 7 በሚሠራባቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ጥንቃቄው ይጠብቃል፤ ክሮም እዚያ ከ109ኛው እትም አያልፍም፣ ከዚያ የበለጠ አዲስ ክሮም እጭናለሁ የሚል መስኮት ከጉግል የመጣ አይደለም።